ስለ ሙያ ሲጻፍ ክህሎቱ አይዘለል

ለአዘጋጁ፦

ስላልተለመዱ ሙያዎች ያወጣችሁት ጽሑፍ ሙያዎቹን በአስገራሚነታቸውና በሚያስገኙት ገቢ ብቻ አስተዋውቆ፣ ሥራው የሚጠይቀውን ክህሎት ሳይነግረን ማለፉ ቅር አሰኝቶኛል።

የሻይ ቀማሽ ሥራ እንደ መዝናኛ ቀርቧል። ሆኖም ቅምሻው የራሱ ሥርዓት አለው፤ አይኤስኦ 3103 በተሰኘው ዓለም አቀፍ መስፈርት መሠረት በ100 ሚሊ ሊትር የፈላ ውኃ 2 ግራም ሻይ ለ6 ደቂቃ እንዲዘፈዘፍ የሚደረገው፣ በናሙናዎቹ መካከል የሚታየው ልዩነት ከአዘገጃጀቱ ሳይሆን ከቅጠሉ እንዲመነጭ ነው። ቀማሹ ያንን ጥቃቅን ልዩነት ለይቶና በቃላት ገልጾ፣ በሌላ ቀንም በዚያው ሚዛን መዳኘት ይጠበቅበታል፤ ይህ ደግሞ ያለ ረጅም ልምምድ አይገኝም።

ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን በየዕለቱ የምናያቸው ሙያዎች ክህሎት እንደማይጠይቁ መቆጠራቸው ነው። በውኃ ውስጥ የሚበይደው ጠላቂ ይደነቃል፤ ይገባዋልም፣ ጠላቂነትንም ብየዳንም መማር ግድ ይለዋልና። በየብስ የሚሠራው በያጅ ግን የቀለጠውን ብረት በጥቁር መስታወት እየተከታተለ የእጁን ፍጥነት በቅጽበት እንደሚያስተካክል፣ ላይ ላዩን ያማረ ብየዳም ውስጡ ሳይያያዝ ሊቀር እንደሚችል የሚጽፍለት የለም። ሥራ የሚመርጥ ወጣት ይህን ካላነበበ በምን ይመርጣል?

ስለዚህ ከእያንዳንዱ የሙያ ጽሑፍ ጋር የሚያስፈልገውን ሥልጠና፣ የሚወስደውን ጊዜና የሚጠየቀውን የሥራ ፈቃድ፣ እንዲሁም አንድ ባለሙያ የሥራውን አስቸጋሪ ክፍል በራሱ አንደበት የሚገልጽበትን አጭር ቃለ ምልልስ እንድታወጡ አሳስባለሁ።

አንድ አንባቢ