ዴይቶና ላይ የቆመው የኋላ ጎማ ነው፤ የባሪ ሺን እጅ አልሳተም

ለስፖርት ገጽ አዘጋጅ፣

ስለ እንግሊዛዊው የሞተር ሳይክል ተወዳዳሪ ባሪ ሺን ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንባቢዎቻችሁ አይተውታልና መልሼ አልተርከውም። የምጽፍላችሁ ስለ አንዲት ሐረግ ነው። በ1975 አሜሪካ፣ ዴይቶና በተባለው የእሽቅድምድም ሜዳ ላይ የደረሰበትን አደጋ ዘጋቢያችሁ «ጋዙን ከልክ በላይ ከፍቶ መቆጣጠር ስላቃተው» ብሎ ደምድሞታል። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) በጽሑፉ ውስጥ ሌሎች ግድፈቶችም አሉ፤ እነሱን ልተዋቸው። ይህችን ግን መተው አልችልም፤ መጨረሻ ላይ ለአገራችን ሞተረኞች የሰጣችሁት ምክር በሙሉ የቆመው በእሷ ላይ ነው።

መጀመሪያ የሆነው ይነገር። ሺን በዚያን ጊዜ የ24 ዓመት ወጣት ነበር። የያዘው ባለ ሦስት ሲሊንደር፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ 750 ሲሲ ቱ ስትሮክ (ፒስተኑ በሁለት ምት አንድ ጊዜ የሚያቃጥል) ሱዙኪ ሲሆን ከ100 የፈረስ ጉልበት በላይ ያወጣል። የዴይቶና መታጠፊያዎች 31 ዲግሪ ያዘነበሉ ናቸው፤ ሞተረኛው እዚያ ላይ ጋዙን ሳይቀንስ ነው የሚያልፈው፤ ሜዳው የተሠራው ለዚያ ነው። በልምምድ ላይ ሳለ፣ በሰዓት 280 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲበር የኋላ ቸርኬው በድንገት መዞር አቆመ። ግራ ጭኑ፣ ቀኝ ክንዱ፣ የአንገቱ አጥንትና የጎን አጥንቶቹ ተሰበሩ። አንድ የቴሌቪዥን ቡድን ስለ እሱ ፊልም እየሠራ ስለነበር ጉዳዩ በወቅቱ ዓለም ያየው ነው።

አሁን ማንኛውም መካኒክ የሚጠይቀውን ጥያቄ እንጠይቅ፦ በሙሉ ፍጥነት የሚሄድን የኋላ ቸርኬ ምን ሊያቆመው ይችላል? ፍሬን ካልተያዘ በቀር መንገዱ ሦስት ነው። ሞተሩ ነክሶ (ፒስተኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ) ይቆማል፤ ወይም ካምቢዮው አለዚያም ሰንሰለቱ ይታነቃል፤ ወይም ጎማው ራሱ ይበላሽና የኋላ ቸርኬውን ከሚይዘው ሹካ ጋር ይያያዛል። ሞተሩ ከነከሰ ፍሪሲዮን ስትይዝ ቸርኬው ይለቀቃል፤ የቱ ስትሮክ ተወዳዳሪዎች ሁለት ጣታቸውን ከፍሪሲዮኑ ማንሻ ላይ የማያነሱት ለዚህ ነው። ካምቢዮው ወይም ሰንሰለቱ ከታነቀ፣ ወይም ጎማው ሹካው ውስጥ ከተወተፈ፣ ፍሪሲዮን ምንም አያደርግም፤ ችግሩ ያለው ከፍሪሲዮኑ በኋላ ነው። ሺን ራሱ ጎማውን ነው ምክንያት ያደረገው። ስለ ካምቢዮና ስለ ሰንሰለት ያነሱም ነበሩ። የፈለጋችሁትን ምረጡ፤ በሦስቱም መንገድ ብትሄዱ የጋዝ እጁ ጥፋት ላይ አትደርሱም።

እንዲያውም ስለ ቱ ስትሮክ የሚያውቅ ሰው ቢጠየቅ ተቃራኒውን ይነግራችሁ ነበር። በዚያ ዘመን የእሽቅድምድም ቱ ስትሮክ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ነው የሚገባው፤ ለ20 ሊትር ቤንዚን 1 ሊትር ዘይት ያህል። ጋዙ ክፍት እስከሆነ ድረስ ዘይቱም ይገባል። በረጅም ቀጥታ መንገድ ላይ በሙሉ ዙር ሲሄድ ቆይቶ ጋዙን ድንገት የዘጋ ነው ፒስተኑን ያለ ዘይት የሚያስቀረው፤ ብዙ ሞተር የነከሰው በዚህ ነው። «ጋዝ ስለከፈተ» የምትለዋ ማብራሪያ እንግዲህ ለሞተር መንከስ እንኳ የማትሠራ ናት። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ተሂዶ የተጻፈች ናት።

ወደ ጎማው ልመለስ። በ280 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የኋላ ቸርኬ በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ከ38 ጊዜ በላይ ይዞራል። ያን ጊዜ ከጎማው ዳር ያለ እያንዳንዱ ግራም ላስቲክ ወደ 2 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ወደ ውጭ ይጎተታል። የዘመኑ ጎማዎች የናይለን ክራቸው በሰያፍ ተጠላልፎ የተደረደረ ስለነበር ከፍጥነት ጋር ይለጠጣሉ፤ በእሽቅድምድም ሞተር ሳይክል ላይ ራዲያል (ክሩ ከዳር ዳር ቀጥ ብሎ የተዘረጋ) ጎማ የመጣው ከዚያ ወዲህ በ1980ዎቹ ነው። መታጠፊያው ያዘነበለ ስለሆነ ደግሞ ሞተሩ ወደ ታች ይጫናል፤ ጎማው ከክብደቱ በላይ ይሸከማል፣ ይታሻል፣ ይግላል። ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ ላስቲኩ ከክሩ ይላቀቃል። የተላቀቀው ቁራጭ ወይም ያበጠው ጎማ በሹካው መካከል ያለውን ጠባብ ቦታ ከሞላ ቸርኬው ይቆማል። ይህ ሁሉ ሲሆን የሞተረኛው ሥራ መውደቅ ብቻ ነው።

ይህ ደግሞ በ1975 ድንገት የተፈጠረ ነገር አይደለም። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ1972 እዚያው ዴይቶና ላይ ጉልበተኞቹ 750ዎች ጎማና ሰንሰለት እየጨረሱ ሲወጡ ውድድሩን ያሸነፈው በ350 ሲሲ ያማሃ የሄደው ዶን ኤምዴ ነው። ትንሹ ሞተር ጎማውን ሳይጨርስ ደረሰ። ሞተሮቹ በጉልበት ጎማውን ቀድመውት እንደነበር የሚያሳይ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም። ዘጋቢያችሁ የ1975ቱን ከመፍረዱ በፊት የ1972ቱን ውጤት ቢያይ ይበቃው ነበር።

ፍጥነት ብቻውን ጥፋተኛ ቢሆን ኖሮ ሺን በ1977 ቤልጂየም፣ ስፓ ላይ መሞት ነበረበት። ያንን የ500 ሲሲ ውድድር ያሸነፈው በአማካይ በሰዓት 217.37 ኪሎ ሜትር ነው። አማካይ ነው የምለው፤ መታጠፊያውም ተቆጥሮ። በታላቁ ሽልማት (ግራን ፕሪ) ታሪክ ከዚህ የፈጠነ አማካይ የለም። ጎማው ጸና፣ ሰውየውም በሰላም ገባ።

«ለሕይወቱ ደንታ የሌለው» የሚለው ቅጽላችሁም ከዚያችው ሐረግ የተወለደ ነው፤ ሥራውን ለሚያውቅ ሰው ግን የሚቆጠቁጥ ነው። በ1971 «ማን» በተባለችው ደሴት (አይል ኦፍ ማን) ውድድር ላይ በ125 ሲሲ ወድቆ ከወጣ በኋላ ሺን ወደዚያ አልተመለሰም። የድንጋይ አጥርና የመብራት ምሰሶ የከበበው 60 ኪሎ ሜትር የሚሆን የሕዝብ መንገድ የዓለም ሻምፒዮና ነጥብ ሊሰጥበት አይገባም ብሎ በአደባባይ ተከራከረ። በገዛ አገሩ ስንቱ ሰደበው! ፈሪም ተባለ። ከ1976 በኋላ ግን የማን ደሴት ከዓለም ሻምፒዮናው ወጣ፤ የብሪታንያ ታላቁ ሽልማት እንግሊዝ ውስጥ ወዳለው የሲልቨርስተን ሜዳ ሄደ። በ1977 ኦስትሪያ፣ ሳልዝቡርግሪንግ ላይ በ350 ሲሲ ውድድር ሃንስ ሽታድልማን ሲሞት፣ ሺን ከሌሎች ታዋቂ ተወዳዳሪዎች ጋር ሆኖ የ500ውን ውድድር አልሄድም አለ። የሻምፒዮናው መሪ ነጥቡን ትቶ ሲቀር ደንታ ቢስ ሊባል አይችልም።

የ1982ቱንም የሲልቨርስተን አደጋ «ያው አመሉ» ብላችሁ ከዴይቶናው ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር አስራችሁታል። እዚያ የሆነው ሌላ ነው። የተለያየ ሲሲ ያላቸው ሞተሮች አብረው በተለቀቁበት ልምምድ ላይ፣ ከመንገዱ ጉብታ ማዶ ወድቆ የቀረ የሌላ ሰው ሞተር ነበር። ከወዲህኛው በኩል አይታይም። ሺን ከእሱ ጋር ተጋጭቶ ሁለት እግሮቹ ደቀቁ፤ በብረትና በብሎን ነው የተገጣጠሙት። ፈጣኑንና ዘገምተኛውን ሞተር ባንድ ላይ የለቀቀው፣ የወደቀ ሞተር መኖሩን በባንዲራ ለማሳወቅ ያልደረሰው አሠራር ተጠያቂነቱ የት ገባ?

እዚህ ላይ የሚያስቆጣኝን በግልጽ ልናገር። ሞተር ሳይክል በተጋጨ ቁጥር፣ በውጭ አገር ታሪክም ይሁን በአገር ውስጥ ዜና፣ ብዕራችሁ የሚያውቀው አንድ ምክንያት ብቻ ነው፦ ፍጥነት። ጎማው ስንት ዓመቱ ነበር፣ ንፋሱ ስንት ነበር፣ ሰንሰለቱ እንዴት ነበር ብሎ የሚጠይቅ የለም። ጎሚስታውና መካኒኩ በገጻችሁ ላይ ሰው ሆነው አያውቁም። የሺን ታሪክ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር የመካኒክ ታሪክ ነው። አባቱ ፍራንክ ሺን በለንደን የቀዶ ሐኪሞች ሮያል ኮሌጅ የጥገና ሠራተኛ የነበረ፣ ቡልታኮ የተባሉ የስፔን ሞተሮችን በማዘጋጀት የታወቀ ሰው ነው። ልጁ በ1968 ብራንድስ ሃች ላይ የመጀመሪያ ውድድሮቹን ያሸነፈው አባቱ ባዘጋጃቸው 125 እና 250 ቡልታኮዎች ነው። በኋላም ባለ አሥር ማርሽ አሮጌ የሱዙኪ 125 ገዝቶ በ1971 ከስፔናዊው አንሄል ኒዬቶ ቀጥሎ የዓለም ሁለተኛ ሆነ። የካርቡራተሩ የቤንዚን ድብልቅ እንዲህ ያለ ሞተር ላይ በትንሹ ከሳሳ ፒስተኑ ይበሳል፤ በትንሹ ከወፈረ ጉልበቱ ይጠፋል። ካንዴላውን ነቅሎ ቀለሙን ማንበብ የማይችል ሰው ከዚያ ሞተር ጋር አንድ ወቅት አይጨርስም። በሱዙኪ ዘመኑ ደግሞ መካኒኩ ዶን ማካይ ነበር። ሁለት ሙሉ ገጽ ስትጽፉ የፍራንክ ስም እንኳ አልተነሳም።

ከዴይቶናው አደጋ በኋላ የሆነውን ደግሞ በአንድ መስመር አለፋችሁት። ጭኑ ውስጥ ብረት ገብቶለት በሰባት ሳምንት ወደ ውድድር ተመለሰ። በዚያው ዓመት በሰኔ፣ ሆላንድ፣ አሰን ላይ ጣሊያናዊውን ሻምፒዮን ጃኮሞ አጎስቲኒን በመጨረሻው መታጠፊያ ቀድሞ የመጀመሪያውን የ500 ሲሲ ድሉን አገኘ፤ ሰዓት ያዡ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ሰዓት ነው የመዘገበላቸው። አራት ሲሊንደሮቹ በካሬ በተደረደሩት፣ የሚሽከረከር ዲስክ ቫልቭ ባለው አርጂ 500 ሱዙኪ በ1976 አምስት፣ በ1977 ስድስት ውድድር አሸንፎ ሁለቴ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። በ1979 ሲልቨርስተን ላይ በአሜሪካዊው ኬኒ ሮበርትስ የተቀደመው በ0.03 ሴኮንድ ነው። በ1981 ስዊድን ላይ ካሸነፈ በኋላ፣ ካል ክራችሎው በ2016 ቼክ ሪፐብሊክ፣ ብርኖ ላይ እስኪያሸንፍ ድረስ በዋናው ምድብ አንድም እንግሊዛዊ አልቀናውም። ሠላሳ አምስት ዓመት! የዚህን ሰው ሥራ «ጋዝ የሚወድ» በሚል መጠቅለል ከባድ በደል ነው።

ለአገራችን ሞተረኞች የሰጣችሁት ምክር «ከሺን ተማሩ፣ ጋዝ ቀንሱ» የሚል ነበር። ጋዝ መቀነስ መልካም ነው፤ ከዴይቶና የሚገኘው ትምህርት ግን ስለ ጎማ ነውና እሱን ጻፉላቸው።

የጎማው ጎን ላይ በክብ ምልክት ውስጥ አራት አሃዝ አለ። 2319 የሚል ከሆነ ጎማው በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም መጋዘን ውስጥ ዓመታት የቆየ ጎማ ላስቲኩ ይደርቃል፣ ጎኑ ይሰነጣጠቃል፤ ሲገዛ ጥርሱ ብቻ አይታይ። ንፋስ የሚለካው ጎማው ሳይግል፣ ጠዋት ከመነዳቱ በፊት ነው። ለ125 እና ለ150 ሲሲ የሥራ ሞተሮች ብዙ ጊዜ ፊት 25፣ ኋላ 28 ፒኤስአይ፣ ሰው ወይም ዕቃ ሲጫን ኋላ 32 ገደማ ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር ሰንሰለት መከለያው ወይም ሹካው ላይ ተለጥፏል። ንፋስ ያነሰው ጎማ ሲሄድ ይታጠፋል ይዘረጋል፣ በዚያ ይግላል፣ ሲግል ላስቲኩ ከክሩ ይላቀቃል። ዴይቶና ላይ በ280 የሆነው በጭነት፣ በቆላ አስፋልት፣ በ70 ኪሎ ሜትርም ይሆናል፤ ጊዜ ብቻ ይወስዳል።

ትልቅ ጎማ ያምራል ተብሎ ከተጻፈው መጠን በላይ የሚገጠመው ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ከጎማው ግራና ቀኝ እስከ ሹካው ቢያንስ አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት መኖር አለበት። ቆሞ ሲታይ የማይነካ ጎማ ሰው ሲጫንና ሲፈጥን ይነካል፤ መጀመሪያ ሰንሰለት መከለያውን፣ ቀጥሎ ሹካውን። ሰንሰለቱ መሃሉ ላይ በጣት ሲነሳ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል መላላት አለበት፤ ከዚያ በላይ ከላላ ዘሎ ይታነቃል፣ ከጠበቀ ኩሽኔታ ይበላል። ቸርኬው ሲታሰር ከሁለቱም በኩል ያሉት የሹካው መስመሮች እኩል ይሁኑ። ካላማዳሪያ ሲቀየርም ጎሚስታው የጎማውን ውስጥ በእጁ ዳስሶ የቀረ ሚስማር ወይም የተቆረጠ ክር ይፈልግ፤ ይህን ሳያደርግ አዲስ ካላማዳሪያ የሚከት ጎሚስታ ደንበኛውን በዚያው ሳምንት መልሶ ያየዋል።

የምጠይቃችሁ ሦስት ነገር ነው። ጽሑፉ በወጣበት በዚያው ገጽ፣ በዚያው ስፋት «ጋዙን ከልክ በላይ ከፍቶ መቆጣጠር ስላቃተው» የሚለው ተሰርዞ «የኋላ ቸርኬው በድንገት ስለቆመበት» ተብሎ ይታረም። የ1982ቱም ተለይቶ «መንገድ ላይ ወድቆ ከቀረ ሞተር ጋር ስለተጋጨ» ተብሎ ይጻፍ። ስለ ሞተር አደጋ የሚጻፍ ቀጣይ ጽሑፍ ካለም ከመታተሙ በፊት አንድ መካኒክ ያንብበው። መርካቶም ሆነ ሌላ ሰፈር፣ ጋራዥ ከዝግጅት ክፍላችሁ ሩቅ አይደለም፤ የሚጠይቀው የአንድ ከሰዓት ጊዜ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሞተር ሳይክል መካኒክ
አዲስ አበባ