ስለ አሮጌ ጥይትና መልሶ ስለሚሞላ ቀለህ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጎጃም ጠመንጃ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ንብረት ነው። ቤልጅጉም ምንሽሩም፣ አልፎ አልፎ ውጅግራውም ጭምር፣ ተወልውሎ በክብር ይቀመጣል። ለጥይቱ ግን ያን ያህል የሚጨነቅ የለም። ጥይት ሲወደድ ወይም ሲጠፋ ደግሞ የተተኮሰውን ቀለህ (ባሩዱን የሚይዘውን የናስ ቅርፊት) ሰብስቦ መልሶ መሙላት ይታሰባል። ይህን የምጽፈው ያ ሥራ በግምት ለምን እንደማይሞከር፣ ያለችውን ደህና ጥይትስ እንዴት ማቆየት እንደሚቻል ለማስረዳት ነው።

ቀለህ መሙላት በራሱ እብደት አይደለም። አሜሪካ ውስጥ በርካታ አዳኞች ከቃታው ዙሪያ ያለውን ማንሻ ወደ ታች ስበው በሚያጎርሱት ጠመንጃ፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1894 በወጣው ዊንቸስተር፣ የሚተኩሱትን ጥይት ራሳቸው ይሞላሉ። ነገር ግን እንዴት እንደሚሠሩት ይታይ። ባሩዱ ከፋብሪካው ስሙ ተጽፎበት ይመጣል፤ ለዚያ ባሩድና ለዚያ አረር (ከጥይቱ ተወርውሮ የሚወጣው ክፍል) ክብደት የተፈተነ ሠንጠረዥ አለ። ከሠንጠረዡ ጣሪያ 10 በመቶ ዝቅ ብለው ይጀምራሉ፤ በጥቂት በጥቂቱ ይጨምራሉ፤ ባሩዱ ሲነድ የሚፈጥረው ጫና መብዛቱን የሚያሳይ ምልክት ሲያዩ ያቆማሉ። ሚዛናቸው 6 ወይም 7 ሚሊ ግራም የሚለይ ነው። ቀለሁ ከተወሰነው ርዝመት (ለዊንቸስተሩ የታወቀው ባለ 30-30 ጥይት 51.8 ሚሊ ሜትር ነው) ሲያልፍ አፉን ይከረክሙታል። የዚህ ጠመንጃ መቀርቀሪያ (ጥይቱን ከኋላ የሚዘጋው ብረት) የሚቆለፈው ከኋላ በኩል ስለሆነ በተኩሱ ጊዜ ትንሽ ይለጠጣል፤ ቀለሁም አብሮት ስለሚሳብ ቶሎ ያረጃል። ካዝናው ደግሞ ከአፈሙዙ ሥር የተዘረጋ ቱቦ ነው። የኋለኛዋ ጥይት አረር የፊተኛዋን ካፕሱል (ቂጧ ላይ ያለውን፣ ተመትቶ ባሩዱን የሚለኩሰውን) ተደግፎ ይተኛል፤ ስለዚህ አፍንጫው ደንዳና መሆን አለበት። ሹል ከሆነ ጠመንጃው ሲረግጥ ቱቦው ውስጥ ሊፈነዳ ይችላል። የቀለሁም አፍ አረሩን ጭምቅ አድርጎ ካልያዘው፣ በርግጫውና በካዝናው ሞላ ግፊት አረሩ ወደ ውስጥ ይሰምጣል። አረሩ ሲሰምጥ የባሩዱ ቦታ ይጠባል፤ ጫናውም ይንራል።

እዚህ እኛ ዘንድ ያ ሠንጠረዥም፣ ያ ሚዛንም፣ ስሙ የታወቀ ባሩድም የለም። ከሌላ ጥይት የተፈታ ባሩድ ደግሞ ስም የለውም። በ7.92 ሚሊ ሜትሩ የማውዘር (የቤልጅጉ ዓይነት ጠመንጃ) ጥይት ውስጥ 3 ግራም ገደማ፣ በክላሽ ጥይት ውስጥ ደግሞ 1.6 ግራም ገደማ ባሩድ አለ። የክላሹ ቶሎ የሚነድ ነው፤ ለትንሽ ቀለህና ለቀላል አረር የተመጠነ። ከአንዱ አውጥቶ ሌላው ውስጥ «ያህላል» ብሎ መጨመር ጫናውን ወዴት እንደሚወስደው ማንም አያውቅም። የመኪና ጎማ የሚሸከመው ከ2 እስከ 3 ባር ነው (ባር የጫና መለኪያ ነው)፤ ማውዘሩ እንዲሸከም የተወሰነለት ጣሪያ 3900 ባር ነው። ከዚያ ሲያልፍ መጀመሪያ የሚሸነፈው ቀለሁ ነው፤ እሳቱና የናሱ ስባሪ የሚወጣውም በተኳሹ ዓይን አቅጣጫ ነው።

ከሁሉ የከፋው ውጅግራ ነው። ይህ ጠመንጃ እ.ኤ.አ. በ1874 የተሠራው ጢስ ለሚያበዛው ለጥቁሩ ባሩድ ነው፤ ቀለሁም 5.25 ግራም ይሞላል። ጢስ አልባው ባሩድ በአንድ ግራም የሚሰጠው ኃይል ከጥቁሩ ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። የውጅግራን ቀለህ እንደ ድሮው እስከ አፉ በዘመናዊ ባሩድ የሞላ ሰው በእጁ የያዘው ጠመንጃ ሳይሆን ፈንጂ ነው። የዓድዋን ዘመን ያየ ጠመንጃ ተወልውሎ ግድግዳ ላይ መስቀል ይበቃል።

መሙላት ቢቀርም «ይጎርሳል» ብቻ ብሎ መተኮስ ሌላው ችግር ነው። በስሙ የተጠራው ሚሊ ሜትር የአረሩን ውፍረት አይናገርም። ባለ 7.62 ናቶ ጥይት አረሩ 7.82 ነው፤ የክላሽ አረር 7.9 ይደርሳል፤ የማውዘሩ ባለ 7.92 ደግሞ 8.2 ሚሊ ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. ከ1905 በፊት በተሠሩት ማውዘሮች አረሩ 8.08 ነበር፤ ቀለሁ ግን በመልክ ከኋለኛው አይለይም። ወፍራሙን በጠባቡ የጠመንጃ ቱቦ (በርሜል) መተኮስ ጠመንጃውን ያፈነዳል። የተሠራበት ዘመን ያልታወቀ ማውዘር ሳይለካ አይተኮስበት።

ወደ አያያዙ ልምጣ፤ ብዙ ጥይት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነውና። ዝናር ለጉዞ እንጂ ለማስቀመጫ አይሆንም። ቆዳው የለፋበት አሲድ ከናሱ ጋር ተዋህዶ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል፤ ዝገቱም ናሱን እየበላ ጉድጓድ ያደርገዋል። በክረምት ዝናር ውስጥ የከረመች ጥይት መስከረም ላይ አንድ በአንድ ወጥታ መታየት አለባት። ሁለተኛው ጠላት ከብት ነው። ብዙ የገጠር ቤቶች ላይ ከብቱና ሰው በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራሉ፤ ከሽንቱ የሚነሳው አሞኒያ የናስ ቀለህን ያለ ምንም ምት ይሰነጥቀዋል። በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን ህንድ ውስጥ በዝናብ ወራት በፈረስ ጋጣ የተቀመጡ ጥይቶች እየተሰነጠቁ አስቸግረው ነበር፤ ምክንያቱ አሞኒያ መሆኑ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1921 ነው። እርጥበት ያገኘው የዩሪያ ማዳበሪያ ጆንያም ያንኑ አሞኒያ ያወጣል፤ ስለዚህ ጥይትና ዩሪያ በአንድ ጎታ ሥር አይቀመጡም። ከምድጃው በላይ መስቀልም ልማድ ነው፤ ሙቀቱ ግን ባሩዱን ከዓመት ዓመት ያፈርሰዋል። ነጭ ጋዝ ወይም ዘይት ቀብቶ ማስቀመጥ ደግሞ ይብሳል፤ ዘይቱ በካፕሱሉ ዙሪያ ሰርጎ ይገድለዋል፤ ቅባት የነካው ቀለህም ሲተኮስ የማጉረሻውን (ጥይቱ ገብቶ የሚቀመጥበትን የቱቦውን የኋላ ክፍል) ግድግዳ ስለማይዝ ጫናውን በሙሉ መቀርቀሪያው ላይ ይጥላል። ደረቅ ጨርቅ ይበቃል። ማስቀመጫው ክዳኑ የሚገጥም ቆርቆሮ ሳጥን ይሁን፤ ቦታው ከጓዳ ራቅ ያለ፣ ቀዝቃዛና ደረቅ፣ ልጅ የማይደርስበትና የሚቆለፍ።

ጥይቷን በብርሃን ይዘው ሲያዩ አንገቷ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካለ፣ አረሩ በጣት ሲነካ ከዞረ ወይም ወደ ውስጥ ከሰመጠ፣ አረንጓዴው ሲጠረግ ጉድጓድ ከታየ፣ ካፕሱሉ ከቂጧ ከፍ ብሎ ከወጣ፣ ያቺ ጥይት አትተኮስም። የተተኮሰውንም ቀለህ ይዩት። ከቂጡ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የሚያብረቀርቅ ቀለበት ከታየ ቀለሁ ሊበጠስ ነበር ማለት ነው፤ መቀርቀሪያው ከማጉረሻው ጋር ልክ አልሆነም። ይህ በተለይ ከሌላ ጠመንጃ የተወሰደ መቀርቀሪያ የተገጠመላቸው ላይ ይታያል። ቁጥሩ መቀርቀሪያው ላይ የተቀረጸ እንደሆነ ከጠመንጃው ቁጥር ጋር ያነጻጽሩ።

ለዝናብ ብሎ አፈሙዙን በጨርቅ የሚደፍን ሰው ጨርቁን በረሳ ቀን ቱቦው ይተረተራል፤ ጭቃም እንደዚሁ። ቃታ ተስቦ ቀጭ ብሎ ዝም ካለ አፈሙዙን ሰውና ከብት ወደሌለበት ይዞ 30 ሰከንድ መቆየት፣ ከዚያ ብቻ መቀርቀሪያውን መክፈት ነው፤ ዘግይቶ የሚነሳ ባሩድ አለና። ድምፁ ደከም ያለ፣ ርግጫውም የሳሳ ከሆነ ሁለተኛውን አይተኩሱ። አረሩ ቱቦው ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ባዶ መሆኑን በዘንግ ሳያረጋግጡ የሚከተለው ጥይት ቱቦውን ያሳብጠዋል ወይም ይሰነጥቀዋል።

ዒላማው ተዛነፈ የሚሉም አሉ። ከጮቄ ተራራ ብርድ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ባሩዱ ስለሚሞቅ ፍጥነቱና ጫናው ይጨምራል፤ ፀሐይ ላይ የዋለች ጥይት ከጥላዋ ጋር እኩል አትመታም። ከዚያ የሚብሰው ግን የዛገ ቱቦ ነው። የድሮ ወታደራዊ ካፕሱሎች ሲነዱ ጨው ይተዋሉ፤ ጨውን የሚያሟሟው ውኃ እንጂ ዘይት አይደለም። ከተተኮሰ በዚያው ቀን መጀመሪያ የፈላ ውኃ ከማጉረሻው ወደ አፈሙዙ ማፍሰስ፣ በጨርቅ በደንብ ማድረቅ፣ በመጨረሻ ስስ ዘይት መቀባት ነው። ዘይቱ ከቀደመ ጨውን ከሥሩ ሸፍኖ ያስቀራል፤ በክረምት እርጥበትም ቱቦው ከውስጥ ይበላል።

የተበላሸ ጥይት እሳት ውስጥ አይጣልም፣ ጉድጓድም አይቀበርም፤ ለቅርብ ፖሊስ ጣቢያ ይሰጣል። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መያዝንም መጠገንንም በፈቃድ አድርጎታል። ፈቃድ ሰጪው አካል የጠመንጃውን ቁጥር ብቻ ጽፎ ከሚሸኝ፣ ምዝገባው ላይ የሙያው ባለቤት አስቀምጦ ቱቦውን በብርሃን እንዲያይ፣ የመቀርቀሪያውን ልክ በመለኪያ እንዲፈትን፣ አሮጌውንም ጥይት ባለቤቱን ሳያስፈራ እንዲረከብ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፤
ደብረ ማርቆስ