የአፍ ወለምታና ቅቤው

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው ዓመት እዚህ ምሥራቅ ጎጃም በአንድ ደብር የንግሥ በዓል ላይ፣ ከሩቅ የተጋበዘ ስመ ጥር ሰባኪ አንዱ እግዚአብሔር በብሉይ ኪዳን አብ፣ በሐዲስ ወልድ፣ ዛሬ ደግሞ መንፈስ ቅዱስ ሆኖ እንደ ተገለጠልን አስተማረ። ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለው፤ እልል ካሉት አንዱ እኔ ነበርኩ። የነቃሁት ወደ ቤቴ ስመለስ፣ መንገድ ላይ ነው። ይህ እኮ ሦስቱን አካላት አንድ ገጽ የሚያደርገው፣ አባቶች ያወገዙት የሰባልዮስ ትምህርት ነው! አንድ መለኮት፣ ሦስት አካል መሆኑን የሰንበት ትምህርት ቤት ሕፃናት እንኳ አይስቱትም።

ከዚያ በዓል ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በዚያው ዐውደ ምሕረት፣ አንድ ወጣት ዲያቆን በ1954 ዓ.ም. ከታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሮሜ 8፥34ን አነበበ። ስለ ክርስቶስ የተነገረውን «የሚማልደው» የሚለውን ቃል ግን፣ ቤተ ክርስቲያናችን ክርስቶስን ፈራጅ እንጂ አማላጅ ስለማትለው አከራካሪ ሆኖ ሳለ፣ ሳያብራራ አለፈው። ማብራራት ነበረበት፤ ጥፋቱን አልክድም። ሳምንት ሳይሞላ ግን «ተሐድሶ» (በውስጥ ሆኖ የፕሮቴስታንት ትምህርት የሚያሰርግ) የሚል ስም ወጣለት። የሰበካ ጉባኤው ተሰብስቦ ከስብከት አገደው። ምን ለማለት እንደፈለገ የጠየቀው ሰው አልነበረም። እኔም አባል ነኝ፤ አልጠየቅሁም።

የስመ ጥሩን ጉዳይ በቀጣዩ ስብሰባ ሳነሣ «የአፍ ወለምታ ነው» ተባልኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ሲባል ነበር የምናውቀው፤ ለካ እንደ ባለ አፉ ኖሯል። አንዱ አባልማ ሰውየው ለሕንፃው ስንት ብር እንዳሰባሰበ ቆጠረልኝ። ምሥጢረ ሥላሴ በቆርቆሮና በሲሚንቶ የሚካስ ይመስል! ብዙ ሕዝብ የሚሰማው ሰው ሲሳሳት፣ አብሮት የሚሳሳተው ብዙ አይደለምን?

ይህ የሆነው ደግሞ የቅኔ አገር በሚባለው በጎጃም ነው። በዋሸራም ሆነ በዲማ ቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን ቆጥሮ ለየኔታ ይነግራል፤ ሰሙና ወርቁ ካልገጠመ ይታረማል። የባለጸጋ ልጅም ቁራሽ ለምኖ የሚያድረውም እርማቱ አንድ ነው። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. በጠሩት የቦሩ ሜዳ ጉባኤ እንኳ፣ ፍጻሜው የንጉሥ ክንድ ያረፈበት ቢሆንም፣ ሊቃውንቱ ፊት ለፊት ተከራክረዋል። የእኛ ዲያቆን ያንን ያህል ዕድል አላገኘም።

መጽሐፉ የሚያሳየን ሥርዓት ሌላ ነው። የዮሐንስን ጥምቀት ብቻ ያውቅ የነበረውን አጵሎስን አቂላና ጵርስቅላ ወደ እነርሱ ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ አስረዱት። ጴጥሮስን ግን፣ ያን ታላቅ ሐዋርያ፣ ጳውሎስ በአንጾኪያ በሁሉ ፊት ገሠጸው። ለጀማሪው ጓዳ፣ ለታላቁ አደባባይ። እኛ ገለበጥነው፤ ጀማሪውን በአደባባይ አዋረድን፣ ዝነኛውን በጓዳ እንኳ ለመናገር ፈራን።

ሀገረ ስብከቱ ሁለቱንም ስብከቶች፣ ቅጂዎቹ በብዙ ሰው ስልክ ላይ አሉና፣ ለመጻሕፍት መምህራን አቅርቦ በአንድ ሚዛን እንዲያስመዝን እጠይቃለሁ። ስመ ጥሩ ስቷል ከተባለ እዚያው በሰበከበት ዐውደ ምሕረት ቃሉን ያርም። ዲያቆኑም ይጠየቅ፤ መልሱም ይሰማ።

ዲያቆኑ አሁን ወደ እናቱ መንደር ተመልሶ እርሻ ይዟል። ሰባኪው ለዘንድሮውም ንግሥ ተጋብዟል፤ የግብዣው ደብዳቤ ላይ የእኔም ፊርማ አለበት።

አንድ የሰበካ ጉባኤ አባል
ከምሥራቅ ጎጃም