የማኅበራዊ ጥናት ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ሁለት ካርታ ያወጣ አንድ መንገድ

ክበባችን በዓመቱ ያጠናው ጥቃት የትና ለምን እንደሚደርስ ነው። «ልጆቻችን ስለ ድብድብና ስለ ቢላዋ ምን አገባቸው?» ያሉን ወላጆች ነበሩ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልስ አለን። የዓለም ጤና ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1996 ጥቃት የሕዝብ ጤና ችግር መሆኑን አውጇል። ፖሊስና ፍርድ ቤት በአብዛኛው የሚደርሱት ሰው ከተጎዳ በኋላ ነው። የጤና ባለሙያ ግን ቀድሞ ይጠይቃል፦ የት? በስንት ሰዓት? ለምን እዚያ? ይህን ልጆቻችንም መጠየቅ ይችላሉ።

መስከረም ላይ አባላት መዘገብን፣ ሰብሳቢ መረጥን፣ በየሐሙሱ ተገናኘን። አንድ አበጋር (ባህላዊ አስታራቂ ሽማግሌ) ጋብዘን ስለ ዕርቅ አወያዩን። የወንጀል ሕጋችን ተጠያቂነትን ከ9 ዓመት እንደሚጀምር የሰሙ ልጆች ደንግጠው ነበር፤ ከ9 እስከ 15 ያሉት በተለየ ሥርዓት እንደሚታዩ አስረዳናቸው።

ከሁሉም የያዛቸው የካርዲፍ ነገር ነው። ዌልስ ውስጥ ያለች ከተማ ናት። ጆናታን ሼፐርድ የተባሉ ቀዶ ሐኪም ተደብድበው ሆስፒታል ከሚመጡት ብዙዎቹን ፖሊስ ጭራሽ እንደማያውቃቸው አስተዋሉ። ሆስፒታሉ ስም ሳይጠቅስ ቦታውን፣ ሰዓቱንና ጉዳቱ የደረሰበትን መሣሪያ ለፖሊስና ለከተማው አስተዳደር ማካፈል ጀመረ። በጥቃት ቆስለው ሆስፒታል የሚተኙት፣ ከመሰል ከተሞች ጋር ሲነጻጸር፣ ቀነሱ።

እኛም ከትምህርት ቤቱ እስከ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለውን መንገድ በቀን፣ በቡድን በቡድን ሆነን ዞርን። የሚያስፈራው ቦታ ቀይ፣ ሰላማዊው ሰማያዊ ነጥብ ተደረገለት። ወንዶቹ ከኋላ በር ወርዶ ወንዙን የሚሻገረውን አቋራጭ ሰማያዊ አደረጉት። «እዚህ ምንም ተፈጥሮ አያውቅም» አሉ። ዓመቱን ሙሉ ድምጿን ያልሰማነው አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ተነስታ ማርከሩን ተቀበለቻቸው።

«ያልተፈጠረው እኛ ስለማንሄድበት ነው» አለች። ከዚያ የራሷን መንገድ አሰመረች። ዳገቱን ወጥቶ፣ በዳቦ ቤቱ በኩል ዞሮ፣ አስፋልቱን ይዞ የሚሄድ፤ የአቋራጩን እጥፍ ይሆናል። ሌሎቹ ሴቶችም እየተነሱ የየራሳቸውን ጨመሩ። አንዱ ልጅ «ሁልጊዜ ነው እንዴ?» ብሎ ጠየቃት። «ጉም ሲወርድማ በቀንም» አለችው። ያን ቀን አንድ የነበረው ካርታችን ሁለት ሆነ። ሪፖርት አልተደረገም ማለት አደጋ የለም ማለት እንዳልሆነ እኔ መምህራቸው በሌክቸር እንዲህ አድርጌ አላስረዳቸውም ነበር። ኮራሁባቸው።

ያልተሳካም አለ። ስም የሌለበት የጉዳት መረጃ እንዲሰጠን ለአንድ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጽፈን መልስ አላገኘንም። ካርታዎቹን የሣልነው በአሮጌ ካላንደር ጀርባ ነው። ለስፖርት ክበቡ ማሊያ መገዛቱ ደስ ይለናል፤ ለጥናት ክበብ ግን አንድ ደስጣ ወረቀት እንኳ በጀት አልተያዘም። ይህ ሊታሰብበት ይገባል።

ሁለቱም ካርታዎች ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተሰቅለዋል። በአቋራጩ ላይ መብራት እንዲተከል ለቀበሌው በጽሑፍ አመልክተናል። ለመጪው ዓመት ወረቀት፣ ማርከርና የሜዳ መለኪያ ሜትር ያስፈልገናል። ሊያግዙን የሚፈልጉ ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች ሐሙስ ከሰዓት በኋላ እዚያው ቤተ መጻሕፍት ያገኙናል።