ስለ ጅረቱ ተፋሰስ ማዘጋጃ ቤቱን ምን እንጠይቅ?

ውድ አባላት፣

ማዘጋጃ ቤቱ የመሬት አጠቃቀም ዕቅዱን ሊከልስ ስለሆነ አስተያየታችንን ከወዲሁ እናደራጅ። የጽዳት ዘመቻችን ጥሩ ነው፤ የጅረቱ ዕጣ ግን በአብዛኛው የሚወሰነው የግንባታ ፈቃድ በሚሰጥበት ቢሮ ነው።

ጣሪያው፣ አስፋልቱና የመኪና ማቆሚያው በበዛ ቁጥር ዝናቡ ወደ መሬት መስረጉ ቀርቶ በቱቦ ተንደርድሮ ጅረቱ ውስጥ ይገባል። ሲዘንብ ዳርቻውን ይቦረቡራል፤ ዝናቡ ሲጠፋ ደግሞ ጅረቱን የሚመግበው የከርሰ ምድር ውኃ ስለመነመነ ፍሰቱ ይሳሳል። ውኃ የማያሰርግ ወለል ከተፋሰሱ ስፋት 10 በመቶ አካባቢ ሲደርስ የጅረቶች ጤና መታወክ እንደሚጀምር ብዙ ጥናቶች አሳይተዋል።

ስለዚህ በእኔ እምነት ዋናው ጥያቄያችን ይህ ይሁን፦ ከጅረቱ ግራና ቀኝ ግንባታ የማይፈቀድበት፣ ነባሩ ዛፍና ሣር የሚጠበቅበት ቦታ በሕግ ይከለል። ከላይ ያሉት ትንንሽ ገባሮችም ይካተቱ፤ አብዛኛውን ጊዜ ደርቀው ስለሚታዩ ካርታ ላይ ይዘለላሉ። ተፋሰስ የአስተዳደር ወሰን ስለማያውቅ ከላይኛው አጎራባች አስተዳደር ጋርም የጋራ ዕቅድ ያስፈልጋል። መናፈሻ ማስዋቡ ቆይቶ ይደርሳል።

እስከሚቀጥለው ስብሰባ ድረስ ቱቦዎች ወደ ጅረቱ የሚገቡባቸውን ቦታዎች ፎቶ እያነሳችሁ ላኩልን። ዝናብ ሳይኖር ውኃ የሚወርድበት ቱቦ ካያችሁ ቶሎ አሳውቁን፤ የመጸዳጃ ወይም የፋብሪካ ፍሳሽ ተቀጥሎበት ሊሆን ይችላል።