የማጣሪያ አሸዋ በየዓመቱ አይቀየርም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው እትማችሁ በቤት አያያዝ ዓምድ ላይ ስለ መዋኛ ገንዳ ማጣሪያ የወጣችውን አጭር ጽሑፍ አነበብኳት። ጸሐፊው «ማንኛውም ንጹሕ አሸዋ ይሆናል፤ በየዓመቱ ግን ይቀየር» ይላሉ። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ይህን የምለው አዋቂ ልባል ብዬ ሳይሆን፣ የመጀመሪያውን ስሕተት ራሴ ሠርቼው ሦስት ቀን ሙሉ አሸዋው የሚቀመጥበት የማጣሪያ በርሜል ውስጥ እጄን ከትቼ አሸዋ ስዝቅ ስለከረምኩ ነው።

ሥራዬ ገንዳ መጠበቅ ነው። (ዋና አልችልም። ሰው ሲሰማ ይስቃል፤ ይሳቅ።) ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን የማጣሪያውን አሸዋ እንድለውጥ ታዘዝኩ። ከግንባታ የተረፈ አሸዋ ግቢ ውስጥ ተቆልሎ ነበር። አሠሪዬ «አሸዋ ያው አሸዋ ነው፣ እጠበውና ጨምረው» አሉኝ። እኔም ወጪ ቀነስኩ ብዬ ደስ አለኝ። ነፋሁት፣ አጠብኩት፣ በርሜሉ ውስጥ ገለበጥኩት። ፓምፑን ሳስነሳው ገንዳው ጎርፍ መሰለ። በነጋታው ደግሞ የተጣራው ውኃ ከሚገባበት ቀዳዳ ሥር፣ ወለሉ ላይ አሸዋ ተነጥፎ አገኘሁ።

ነገሩ የገባኝ በርሜሉን ስገለብጥ ነው። የግንባታ አሸዋ ውስጥ ትልቁም ትንሹም ፍሬ አለ፤ ጭቃም አለ። ጭቃው ውኃውን ያደፈርሳል። ደቃቁ ፍሬ ከበርሜሉ ሥር ባሉት ቱቦዎች ስንጥቅ ሾልኮ ገንዳ ይገባል። የቀረው ደግሞ በትልልቆቹ መሃል ያለውን ክፍተት ይሞላና ውኃ እንዳያልፍ ይደፍነዋል። ለማጣሪያ የሚሸጠው ሲሊካ አሸዋ ግን በወንፊት ተለይቶ እኩል እኩል የሆነ ነው። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ከ0.45 እስከ 0.55 ሚሊ ሜትር ያለው ነው። ከዚያ ከፍ ያለ መጠን የሚጠይቅ ማጣሪያም ስላለ በርሜሉ ላይ የተለጠፈውን ማንበብ ነው።

የቀረበልኝን አሸዋ የምፈትነው እንዲህ ነው። አንድ እፍኝ በጠርሙስ ውኃ ውስጥ እጨምርና በደንብ እነቀንቀዋለሁ። አሸዋው ወዲያው ወርዶ ውኃው ከጠራ ጥሩ ነው። ደፍርሶ ከቆየ መልሼ እሰጣለሁ። ሌላው ጠብታ ኮምጣጤ ነው። ኮምጣጤው ሲነካው የሚንተከተክ ከሆነ የዛጎል ወይም የኖራ ድንጋይ ስብርባሪ አለበት ማለት ነው። ሲሊካ ኮምጣጤ ቢፈስበትም ምንም አይል።

አሞላሉም ቢሆን ሙያ አለው። ያኔ ደረቁን አሸዋ ከላይ ስለገለበጥኩት ከታች ያሉት ቀጫጭን ቱቦዎች ሁለቱ ተሰብረው ነበር። ወለሉ ላይ ያየሁት አሸዋ ግማሹ የመጣው በዚያ በኩል ነው። አሁን መጀመሪያ በርሜሉን እስከ ግማሽ ውኃ እሞላዋለሁ፣ የመሃሉን ቱቦ አፍ በላስቲክ አስራለሁ፣ ከዚያ በጥቂት በጥቂቱ አፈሳለሁ። እስከ አፉ አልሞላም፤ ሲታጠብ ወደ ላይ የሚነሳበት ቦታ ይፈልጋል። አፍንጫዬንም እሸፍናለሁ። የሲሊካ ብናኝ ለሳንባ ክፉ ነው።

አሁን ወደ «በየዓመቱ ይቀየር» ልምጣ። የሲሊካ ፍሬ ቶሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም። በአግባቡ የተያዘ አሸዋ ከ5 እስከ 7 ዓመት ይሠራል፤ ከዚያ በላይ የቆየም አይቻለሁ። እንዲያውም አዲስ አሸዋ ብቻውን ጎበዝ አጣሪ አይደለም። የሚይዘው በአብዛኛው ከ20 እስከ 40 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ ነው) የሚሆነውንና ከዚያ የሚበልጠውን ነው። ትንሽ እድፍ ሲይዝ ያ እድፍ ራሱ ወንፊት ይሆንለታል።

ይህን የሚያስረዳ አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1892 ሃምቡርግ ከተማን ኮሌራ መታትና ከ8,000 በላይ ሰው ሞተ። ጎረቤቷ አልቶና የምትጠጣው ያንኑ የኤልብን ወንዝ ነው፤ ያውም ከሃምቡርግ በታች። ግን ውኃዋን በአሸዋ ታጣራ ስለነበር ጉዳቷ በጣም ያነሰ ሆነ። የእሷ ማጣሪያ ውኃውን በዝግታ የሚያሳልፍ ነበር፤ ዋናውን ሥራ የሚሠራውም አሸዋው ላይ የሚበቅለው ስስ ሽፋን ነው። የገንዳ ማጣሪያ ግን ፈጣን ስለሆነ ጀርም ይገድላል ብላችሁ እንዳትተማመኑበት። ያ የክሎሪን ሥራ ነው።

እኔ ግን ድሮ በየማለዳው «ባክዋሽ» አደርግ ነበር። ውኃውን ከታች ወደ ላይ እያዞርኩ አሸዋውን ማጠቤ ነው። ትጉህ ሠራተኛ የሆንኩ መስሎኝ! ውኃ አባከንኩ፣ ወንፊት የሚሆነውን እድፍ በየቀኑ ስለማጥበው ገንዳውም አልጠራም። አሁን የማምነው ጌጁን፣ ማለትም በርሜሉ ላይ ያለውን የግፊት መለኪያ ነው። አሸዋው ንጹሕ ሳለ መርፌው የሚቆምበትን ቦታ በቀለም ምልክት አድርጌበታለሁ፤ የእኔ 0.8 ባር ላይ ነው። 1.4 አካባቢ ሲደርስ አጥባለሁ። መጀመሪያ ፓምፑን አጠፋለሁ። ፓምፑ እየሠራ የቫልቩን (የውኃውን አቅጣጫ የሚቀይረውን) እጀታ ማዞር ውስጡ ያለውን ጎማ መጨረስ ነው። ሁለት ሦስት ደቂቃ፣ የሚወጣው ውኃ በማያዋ መስታወት ውስጥ ጠርቶ እስኪታይ አጥበዋለሁ። ከዚያ ግማሽ ደቂቃ ያህል ማለቅለቅ አለ። ብዙ ሰው ይህቺን ይዘላታል፤ የተረፈው እድፍም ተመልሶ ገንዳ ይገባል።

በዓመት አንዴ መቀየር ሳይሆን መክፈት ነው ያለብን። እጄን ከትቼ እዳብሰዋለሁ። በጣቶቼ መሃል ከፈሰሰ ክዳኑን እመልሳለሁ። የሰውነት ቅባት ካሙለጨለጨው ለዚሁ በተሠራ ማጽጃ አሳድረውና በደንብ አጥበዋለሁ። በኖራ ተጋግሮ እንደ ድንጋይ ከጠጠረ፣ ወይም ውኃው በአሸዋው መሃል መንገድ አውጥቶ ሳይጣራ የሚያልፍ ከሆነ፣ ያኔ መቀየር ግድ ነው። ዕድሜው ሁለት ዓመትም ይሁን ስምንት።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትም ቢያንስ «ማንኛውም ንጹሕ አሸዋ» የምትለዋን ብታርሟት ደስ ይለኛል። ይኼኔ አንዱ የዓምዳችሁ አንባቢ ከግንባታ የተረፈውን እየነፋ ይሆናል። የእኔው ያኔ ተዝቆ የወጣው አሸዋ ዛሬም ከአጥሩ ሥር አለ፤ ድመቷ ወርሳዋለች።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የመዋኛ ገንዳ ጠባቂ