የአይጥ ዕጢና የሰው ዕጢ ለየቅል ናቸው

ለአዘጋጁ፣

ስለ እንቅልፍና ሜላቶኒን ባወጣችሁት ጽሑፍ የፓይኒያል ዕጢ፣ ማለትም አንጎል ውስጥ ሆኖ ሜላቶኒን የተባለውን የሌሊት ሆርሞን የሚያመነጨው ትንሽ አካል፣ ጂኖች ማታ ማታ እንደሚነቁ ገልጻችኋል። እውነት ነው፤ ግን በዋናነት የአይጥ እውነት ነው።

ሜላቶኒን ለመሥራት ወሳኝ የሆነ አንድ ኢንዛይም፣ ማለትም ኬሚካላዊ ሥራን የሚያፋጥን ፕሮቲን፣ አለ። በአይጥ ዕጢ ውስጥ የዚህ ኢንዛይም ጂን ቅጂ፣ ማለትም ኢንዛይሙ የሚሠራበትን መመሪያ ከጂኑ የሚያደርሰው ኤምአርኤንኤ፣ ሌሊት ከቀኑ ከ100 እጥፍ በላይ ይጨምራል። በበግና በጦጣ ግን ቅጂው ቀንም ሌሊትም ብዙ አይለዋወጥም። እዚያ ለውጡን የሚያመጣው የኢንዛይሙ ዕድሜ ነው። ቀን እንደተሠራ ይፈርሳል፤ ሌሊት ይቆያል። መብራት ከበራበት በደቂቃዎች ውስጥ ይከስማል። ሰውም ወደዚህኛው ወገን ያደላል።

ዕጢውን የሰውነት ሰዓት ማለትም ያሳስታል። የአጥቢዎች ዋና ሰዓት ሃይፖታላመስ በተባለው የአንጎል ክፍል ውስጥ ነው፤ ዕጢው ትእዛዝ ተቀባይ ነው። ዶሮ ከሆነች ሌላ ጉዳይ፤ የእሷ ዕጢ ከአካሏ ወጥቶ የላቦራቶሪ ሳህን ላይ እንኳ የቀንና የሌሊት ምቱን ይቀጥላል።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ጥናት ስትዘግቡ የእንስሳውን ስም ርዕሱ ላይ አስገቡ። ናሙናው የተወሰደበትን ሰዓትም ጻፉ፤ በእኛ አቆጣጠር ይሁን በፈረንጅ ይለይ። ያለዚያ የሌሊት 6 ሰዓት ናሙና የንጋት ይመስላል።

ከአንባቢያችሁ አንዱ